ወደ ሳነቴ የወጣን ቀን

ጋሽ ሁሴን ዘንድ ሥራ በገባሁ ዕለት የተሰጠኝ አንድ የተጣመመ ቸርኬ፣ አንድ የራጂ ቁልፍና መቀመጫ የሚሆን ዱካ ነበር። ራጂ የምንለው ከጎማው መሐል ተነሥቶ ቸርኬው ላይ የሚወጠረውን ቀጭን ሽቦ ነው። ጎባ ገበያ አጠገብ ካለችው ሱቃቸው ደጃፍ አስቀመጡኝና «ይሄ ሳይወላገድ እስኪዞር ከዱካው አትነሣ» አሉኝ። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ማትሪክ አልመጣልኝም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሳጠብቅና ሳላላ ዋልኩ። በቀኝ ሳቀናው በግራ ይወጣል። በመጨረሻ መጡና በአውራ ጣታቸው አሽከረከሩት። «ነገም አለ» ብለው ሱቁን ዘጉ።

ጋሽ ሁሴን ሙያውን የተማሩት ድሬዳዋ ነው። ብስክሌት ሠርተው ሲጨርሱ ከጉልበታቸው ከፍታ መሬት ላይ ለቀቅ ያደርጉትና ያዳምጣሉ። የላላ ነገር ካለ ይንኳኳል። ዝም ካለ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ለባለቤቱ ያስረክባሉ።

ሱቁ ውስጥ ሦስት ደረጃ ነበር። ጀማሪ ጎማ ይለጥፋል። ከእሱ በላይ ያለው ራጂ ይወጥራል፣ ፍሬን ይሠራል፣ ሰንሰለት ይቀይራል። ሦስተኛው ፈታሽ ነው። ፈታሹ «ይውጣ» ሳይል ምንም ብስክሌት ከሱቁ አይወጣም። እዚያ ለመድረስ አራት ዓመት ፈጀብኝ። ፈታሽ ያደረጉኝ ቀን ጋሽ ሁሴን እጄን ጨበጡና «ከእንግዲህ የምታወጣው ብረት አይደለም፣ ሰው ነው» አሉኝ። እኔ የሰማሁት ሹመቱን ብቻ ነበር።

ጊዜው የደርግ ነው። ጎባ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ስለነበረች ብስክሌት የሚነዳ የመንግሥት ሠራተኛ አይጠፋም። መምህራን፣ የጤና ሠራተኞች፣ የቢሮ ተላላኪዎች ደንበኞቻችን ነበሩ። ከሮቤ የሚመጡም ነበሩ። ብዙዎቹ ብስክሌቶች ከባድ፣ ማርሽ የሌላቸው የቻይና ሥሪቶች ናቸው፤ ለሜዳ እንጂ ለዳገት አልተሠሩም።

ፈታሽ በሆንኩ በዓመቱ ሲስተር ወይንሸት መጣች። የአሰላ ልጅ ናት፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ነርስ ሆና ተመድባ ነው። ከነጭ ጋዋኗ ሥር ሱሪ ለብሳ ብስክሌት ስትነዳ ከተማው ለአንድ ወር አወራባት፣ ከዚያ ለመዳት። ሱቃችን ደጃፍ ስትደርስ መጀመሪያ ጋሽ ሁሴንን «አካም ቡልተን፣ ኦቦ ሁሴን» ብላ በኦሮምኛ እንደምን አደሩ ትላቸዋለች። እሳቸውም የአሰላን ዝናብና ገብስ ሳይጠይቋት ብስክሌቷን አይነኩም።

ብስክሌቷን የገዛችው ሲናና የመንግሥት እርሻ ይሠራ ከነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ነው፤ ወደ አገሩ ሲመለስ ሸጠላት። ሦስት ማርሽ ያለው፣ ቀለል ያለ ነው። እንደሱ ያለ ሁለተኛ ጎባም ሮቤም አልነበረም። መለዋወጫውም እንደዚያው።

እኔንና እሷን የሚያገናኘን ያ ብስክሌት ብቻ ነበር። «እንደምን ዋሉ፣ ንጉሤ?» ትለኛለች። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ፣ ሲስተር?» እላታለሁ። እኩዮች ነን፤ ግን እሷ የተማረች፣ እኔ ዘይት የነካው ጠጋኝ ስለሆንኩ ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» አልወረድንም። ፍሬኗን ከሚያስፈልገው በላይ ደጋግሜ አጠብቅላት ነበር። ቶሎ ቶሎ እንድትመጣ ብዬ ግን አላልቼው አላውቅም፤ ይህን ያህል እንኳ አልከፋሁም።

የጉዞውን ሐሳብ ያመጡት መምህር ደምሴ ናቸው። ጂኦግራፊ ያስተምራሉ። ስለ ሳነቴ አምባ ለስንት ዓመት ሲያስተምሩ አንድም ቀን ወጥተው አላዩትም። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ በአምባው ላይ ያልፋል። «ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት እንነሣለን፤ ሳይመሽ ጎባ እንገባለን» አሉ። ስምንት ሰው ተመዘገበ። ሲስተር ወይንሸት አለችበት። ሲናና ትራክተር የሚነዳው አብዱ አለበት። ዘጠነኛው እኔ ነኝ፣ ለጥገና።

በዚያን ጊዜ ዘጠኝ ሰው ተሰብስቦ ወደ ተራራ መውጣት ቀላል ነገር አልነበረም። የቀበሌው ሊቀ መንበር ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ተራራ ላይ ምን አላችሁ?»

«ስፖርት ነው፣ ጓድ» አሉ መምህር ደምሴ።

«ስፖርት ሜዳ ላይ ነው።»

«የብስክሌት ስፖርት መንገድ ይፈልጋል።»

«እስከ ሮቤ መንገድ አለላችሁ አይደል? እሱ ምን ሆነ?»

መምህር ደምሴ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በመጨረሻ ፈቀደ። ደብዳቤው ላይ ግን ሁለት ነገር ጻፈበት፤ ከመምሸቱ በፊት እንድንመለስ፣ ለሚደርሰው ሁሉ መምህር ደምሴ ተጠያቂ እንዲሆኑ። እሳቸው ፈርመው ወጡ።

ጉዞው እሑድ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ብስክሌቶቹ በየተራ ሱቅ ገቡ። የፍሬን ጎማቸውን ቀየርኩ፣ ኩሽኔታቸውን በግራሶ ሞላሁ። የሲስተር ወይንሸትን ሐሙስ ፈታሁት።

የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ ይዞ ከመሪው ጋር የሚያገናኘውን ብረት ሹካ እንለዋለን። አንገቱን ስጠርገው ቀለሙ ላይ ፀጉር የምታህል መስመር አየሁ። ቀለም ብቻ ይሆናል ብዬ በላምባ አጠብኩት፣ በጨርቅ አደረቅኩት፣ ጠመኔ ቀባሁት። ብረቱ ከተሰነጠቀ ውስጥ የገባው ላምባ ተመልሶ ይወጣና ጠመኔውን ያረጥበዋል። ቆሜ ጠበቅኩ። ጠመኔው ላይ ጥቁር መስመር ወጣ።

ጋራዥ ወስጄ በነሐስ አስበየድኩት። ጋሽ ሁሴን መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ለከተማ ይሆናል» አሉ። «ከቤቷ ሆስፒታል ትመላለስበታለች። ለተራራ አይሆንም። ንገራት።»

«እሺ፣ ጋሽ ሁሴን።»

አርብ ከሥራ መልስ ልትወስደው መጣች። ጋሽ ሁሴን አልነበሩም። ለብርዱ ብላ ራሷ የሠራችውን ቀይ ሹራብ ይዛለች፤ እጅጌው ረዝሞባት እንደሆነ ለካችና እየሳቀች አሳየችኝ።

«ብስክሌቴ ደረሰ?»

ልነግራት ነበር። ብነግራት ትቀራለች ብዬ አሰብኩ። ሌላ ብስክሌት የላትም። ለተራራ ብስክሌቱን የሚያውስም አይገኝም። ሳምንቱን ሙሉ ሳስበው የነበረው ደግሞ ስለ ሳነቴ አልነበረም፤ እሷን ከጠዋት እስከ ማታ የማይበት አንድ ቀን ነበር።

«ደርሷል» አልኳት። «ይውጣ።»

ቅዳሜ ጋሽ ሁሴን ጠየቁኝ። «ነገርካት?»

«ነገርኳት።»

«ምን አለች?»

«ተጠንቅቄ እነዳለሁ አለች።»

ቀና ብለው አዩኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እሑድ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ወርዶ ነበር። ከገበያው ፊት ለፊት ተነሣን። ከጎባ ወጣ እንዳልን ዳገቱ ይጀምራል። በጽድና በኮሶ ዛፎች መሐል ትንሽ ነዳን፣ ብዙ ገፋን። አብዱ ከፊት ሆኖ «ትራክተር አምጡልኝ!» እያለ ይጮኻል። እኔ ከሁሉ ኋላ ነኝ። ኮርቻዬ ሥር ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ማስቲሽና ትርፍ ከመነዳሪ ያለበት ከረጢት አለ፤ ጎማ መንፊያው ከብስክሌቴ ጎን ታስሯል።

ሲስተር ወይንሸት ማርሽ ስላላት ከፊት መሆን ትችል ነበር። ዘወር ብላ አየችኝና ቆመች።

«ንጉሤ፣ እርስዎ ለምን ከኋላ ይሄዳሉ?»

«የተበላሸበት ሰው ወደ ኋላ ነው የሚቀረው። ጠጋኝም እዚያው ይጠብቀዋል።»

«እንግዲያው እኔም ተበላሽቻለሁ» ብላ ወረደች።

ጎን ለጎን እየገፋን ሄድን። ትንፋሻችን ይቆራረጣል። ትንሽ እንደሄድን ከት ብላ ሳቀች።

«ይሄ እርስዎ መባባል ዳገት ላይ ትንፋሽ ይጨርሳል። አንተ ልበልህ?»

«በይኝ» አልኳት።

ስለ አሰላ ነገረችኝ፣ ስለ እናቷ፣ ስለ ሆስፒታሉ። አንድ በሽተኛ ሲሞት ብስክሌቷን ይዛ እስከ ሮቤ መንገድ አጋማሽ ሄዳ እንደምትመለስ ነገረችኝ። ማንም አያውቅም አለች። እኔ ጎማዋ ላይ የሮቤን መንገድ ቀይ ጭቃ ሁልጊዜ አይ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ከአስታው ደን በላይ በፈረስ የሚወርዱ አንድ አዛውንት አገኘን። ቆመው ዘጠኛችንንም ቆጠሩ። በኦሮምኛ «ፈረስ ተቀምጦ የሚወጣ አውቃለሁ፤ ፈረሱን እየገፋ የሚወጣ ግን ዛሬ አየሁ» አሉ። አብዱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አዛውንቱ ሲሰናበቱን «ሱታ ዴማ» አሉን፣ ቀስ ብላችሁ ሂዱ።

ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ዳገቱ አለቀ። ሳነቴ ሜዳ ነው። ሰማዩ ቅርብ፣ ነፋሱ ቀዝቃዛ፣ ጅባራው እዚህም እዚያም እንደ ሰው ቆሟል። ከሩቅ የቱሉ ዲምቱ ተራራ ይታያል። መምህር ደምሴ ብስክሌታቸውን ይዘው ቆሙ፣ ቆባቸውን አወለቁ። ሁላችንም ማብራሪያ ጠብቀን ነበር። «እንዲህ ነው ለካ» ብቻ አሉ።

ከዚያ ነዳን። ዘጠኛችንም መንገዱን ሞልተን፣ ማንም ሳይገፋ። አንድ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ሲያደባ አየንና ደወላችንን ያዝን። ወይንሸት ሦስተኛ ማርሽ አስገብታ ጥላን ሄደች፤ ቀይ ሹራቧ እስኪያንስ ድረስ ሄዳ፣ ዞራ፣ ወደ እኛ እየሳቀች ተመለሰች።

አንድ ትንሽ ሐይቅ ዳር ተቀመጥን። አብዱ እናቱ ያዘጋጁለትን ጩኮ አወጣ። የተቆላ ገብስና ቅቤ በዚያ ብርድ እንዴት እንደሚጣፍጥ ለማያውቅ ማስረዳት አይቻልም። ወይንሸት አጠገቤ ነበረች። ጣቶቿ በብርድ ቀልተዋል።

«በሚመጣው ዓመትም እንመጣለን አይደል?» አለችኝ።

«እንመጣለን።»

«አንተ ከኋላ፣ እኔም ከኋላ።»

ከጩኮው ዘገን አድርጌ እጇ ላይ አኖርኩላት። 

ለመመለስ ስንነሣ ከሐረና ደን በኩል ደመና ወጥቶ ነበር። አምባውን ሳንጨርስ በረዶ ጀመረ፤ እንደ ሽንብራ ያለ። በበረዶው መሐል አንድ ድምፅ ሰማሁ። ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤ የወይንሸት ጎማ ጎድጓዳ ነገር በነካ ቁጥር። ምን እንደሆነ ወዲያው አወቅኩ።

ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሌሎቹ ቀድመው መውረድ ጀመሩ። አስቆምኳት።

«ወይንሸት፣ ብስክሌት እንቀያየር።»

«ለምን?»

«የኔ ፍሬን ይሻላል።»

«ሁለቱንም የሠራኸው አንተ ነህ።»

ብስክሌቴን አስጠጋሁላት።

«ንጉሤ፣ ብስክሌቱ ምን ሆኗል?»

ነገርኳት። ላምባውን፣ ጠመኔውን፣ ብየዳውን፣ ጋሽ ሁሴን ያሉትን፣ ሁሉንም። በረዶው ፀጉሯ ላይ እየተጠራቀመ ቆማ ሰማችኝ።

«ሐሙስ ነው ያየኸው?»

«አዎ።»

«ጠዋቱን ሙሉ ስነዳው እያየህ?»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዳትቀሪ ብዬ።»

«ብትነግረኝ በእግሬም እመጣ ነበር» አለች። «እኔ መምጣት ነው የፈለግኩት። ብስክሌቱ ምን ያደርግልኛል?»

የኔን ብስክሌት ከእጄ ተቀበለች። «ያንን አትነዳውም። እየገፋህ ውረድ» ብላኝ ወረደች፤ ዞር ብላ አላየችኝም።

ለጥቂት ጊዜ ገፋሁ። እየመሸ ነው። በእግሬ ስወርድ ሁሉም ይጠብቁኛል፤ ከመምሸቱ በፊት ካልገባን ደግሞ የሚጠየቁት መምህር ደምሴ ናቸው። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው፣ ልደርስባት ፈልጌ ነበር። ቁልቁለቱ ለዘብ ያለበት ቦታ ስደርስ ተቀመጥኩበት። ሁለት ጠመዝማዛ በደህና አለፍኩ። ሦስተኛው ላይ ሹካው አንገቱ ላይ ተቆረጠ። የፊት ጎማው ብቻውን ሲሄድ አይቻለሁ። ከዚያ የማስታውሰው ጠጠሩን ነው።

ድምፁን ሰምተው ተመለሱ። ወይንሸት የኔን ከባድ ብስክሌት ዳገቱን እየገፋች መጣች። ግራ ክንዴ ከአንጓው በላይ ተሰብሯል። የብስክሌቴን ጎማ መንፊያ ፈታችና ከክንዴ ጋር አስተካከለችው፤ የአንገት ልብሷን ቀድዳ አሰረችው። 

«ጣቶችዎን ያንቀሳቅሱ» አለች።

ለሌላ ሰው የተናገረች መሰለኝ።

«ጣቶችዎን፣ ንጉሤ። ይንቀሳቀሳሉ?»

«ይንቀሳቀሳሉ» አልኩ።

ከሪራ መንደር በኩል የሚመጣ የጭነት መኪና እስኪደርስልን ሰዓት አለፈ። ብስክሌቶቹን ከላይ ጭነን ጎባ ስንገባ ጨልሟል። መምህር ደምሴ በማግስቱ ቀበሌ ተጠሩ። ሦስት ቀን ተመላለሱ። ለምን መሸባችሁ፣ የወደቀውን ማን ገፋው፣ ተራራው ላይ ማንን አገኛችሁ እያሉ ጠየቋቸው። ከዚያ በኋላ ለብስክሌት ጉዞ ፈቃድ የሚባል ነገር አልተሰጠም።

መምህር ደምሴ ሆስፒታል ሊጠይቁኝ ሲመጡ እውነቱን ነገርኳቸው። ወይንሸት ለማንም አልተናገረችም ነበር። ቆባቸውን በእጃቸው ሲያገላብጡ ቆዩ። «ለቀበሌ ግን እንዳትነግር» አሉኝ። «ብረቱ አርጅቶ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ።» ለሁለተኛ ጊዜ ለኔ ፈረሙ ማለት ነው።

ጋሽ ሁሴንም መጡ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«ነገርኳት ብለኸኝ ነበር።»

«ዋሽቼዎት ነው።»

«ቅዳሜ ዕለት አውቄያለሁ» አሉ። «ሄጄ ልነግራት ተነሥቼ ነበር። ፈታሽ ካደረግኩት በኋላ እሱን አልፌ አልነግራትም ብዬ ተመለስኩ። እኔም አጥፍቻለሁ።» ከዚያ ተነሡ። «ስትድን ና። ጎማ ትለጥፋለህ።»

ሁለት ዓመት ጎማ ለጠፍኩ። ፈታሽ ስላልነበረ ብስክሌት ሁሉ በጋሽ ሁሴን እጅ ነበር የሚወጣው። አላጉረመረምኩም።

ከዚያ በፊት፣ ክንዴ ሲድን፣ ጀሶውን የፈታችልኝ ወይንሸት ናት።

«እስቲ ይዘርጉት» አለች። ዘረጋሁ። «ይሰብስቡት።» ሰበሰብኩ።

«ወይንሸት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«አድርጌያለሁ» አለች። እውነቷን ነው፤ ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። «ሲሰበስቡት ያምዎታል?»

«አያመኝም።»

«እንግዲያው ጨርሰዋል። የሚቀጥለው ይግባ።»

በሚቀጥለው ዓመት ወደ ወለጋ ተዛወረች። የሰማሁት ከሆስፒታሉ ተላላኪ ነው፤ ሰንሰለት ሊያስጠብቅ መጥቶ እግረ መንገዱን ነገረኝ። ከሄደች ሳምንት አልፏት ነበር። ሰንሰለቱን አጥብቄ ሰጠሁት።

አሁን ሮቤ የራሴ ሱቅ አለኝ። ጋሽ ሁሴን አርፈዋል። ወደ ሳነቴ በብስክሌት የሚወጡ እንግዶች በቡድን ይመጣሉ፤ ብስክሌታቸው ስፕሪንግ አለው፣ ማርሹ ብዙ ነው። አስጎብኚዎቹ ከመውጣታቸው በፊት እኔ ዘንድ ያስፈትሻሉ። ማታ ሲመለሱ ጅባራው አጠገብ የተነሡትን ፎቶ ያሳዩኛል። በእኛ ጊዜ ካሜራ የያዘ አልነበረም። ፎቶውን እያየሁ ሐይቁ የቱ ጋ እንደነበር እፈልጋለሁ፤ አንዳንዴ ያገኘሁት ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ሳነቴን ያለፍኩት በአውቶቡስ ነው፣ ሁለት ጊዜ። ሁለቱንም ጊዜ ደመና ነበር። አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ኑሮዬ ደህና ነው። ያም ሆኖ «አንተ ከኋላ፣ እኔም ከኋላ» ያለችኝን ድምፅ ሥራ ሲበዛብኝ እንኳ እሰማዋለሁ።

በዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው አንድ ነገር ነው። ስንጥቅ ካያችሁ ለባለቤቱ ንገሩት። ምናልባት ይቀራል፣ ምናልባት በእግሩ ይመጣል። ያንን የሚወስነው ባለቤቱ ነው፤ ጠጋኙ አይደለም።